ማንጎና ባምያን በንጽሕና አድርቆ ስለ ማስቀመጥ

በዚህ ትምህርት የምንናገረው ፍራፍሬና አትክልት በቤት ውስጥ ስለ ማድረቅ ነው። በገነተ ማርያም፣ በአሶሳና በአካባቢው የምትኖሩ እናቶች እንደምታውቁት፣ ማንጎ የሚበስለው በአንድ ወቅት በብዛት ነው። ያን ጊዜ ከዛፉ ሥር ወድቆ ዝንብ ይወርሰዋል፤ ገበያ ቢወጣም ዋጋ አያወጣም። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ልጆች አንድ ፍሬ እንኳ አያገኙም። በብጫው የማንጎ ሥጋ ውስጥ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር አለ። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ልጅ ዳፍንት ሊይዘው ይችላል፤ በሽታን የመቋቋም ኃይሉም ይደክማል። ስለዚህ የተትረፈረፈውን አድርቆ ማስቀመጥ ትልቅ ጥቅም አለው።

ማድረቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ቋንጣ ሰቅለው፣ በርበሬ አስጥተው፣ ድርቆሽ አዘጋጅተው አሳድገውናል። የበርታ እናቶችም ባምያን አድርቀውና ወቅጠው ወጥ ይሠሩበታል፤ ከገንፎም ጋር ይበሉታል። አዲሱ ነገር የኤሌክትሪክ ማድረቂያ መኪና ነው። ይህ መኪና የሚሞቅ ሽቦና ማራገቢያ ያለው ሣጥን ሲሆን፣ ሞቃቱን አየር በየትሪው መካከል እያሳለፈ ውሃውን ያወጣል። ማንጎ በሚበስልበት ወራት ዝናብ ስለሚጀምር፣ ፀሐይ ሳይጠብቁ ማድረቅ መቻል ትልቅ እርዳታ ነው።

ነገር ግን መኪናው ውሃን ያወጣል እንጂ እድፍን አያወጣም። በሽታ የሚያመጡ ጀርሞች ያለ ውሃ ሊራቡ አይችሉም፤ ሆኖም በመድረቅ ብቻ ሁሉም አይሞቱም። እንደ ተኛ ሰው ጸጥ ብለው ይቆዩና፣ የደረቀው ምግብ በውሃ ሲርስ እንደገና ይነቃሉ። ባልታጠበ እጅ የተከተፈ ማንጎ ከሦስት ወር በኋላም ሕፃኑን ሊያስቀምጠው ይችላል። ስለዚህ እንደሚከተለው አድርጉ።

1ኛ. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቢላዋውን፣ መክተፊያውንና ትሪዎቹን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ።

2ኛ. የበሰለና ያልላመ ማንጎ ምረጡ፤ የበሰበሰውንና ትል ያለበትን ጣሉ። ከመላጣችሁ በፊት በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ከዚያ ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ቁረጡና ሳይነካካ ደርድሩት። ባምያን አጥባችሁ፣ ጠርጋችሁ ሰንጥቁት። ጎመንን አስቀድማችሁ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ በፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩት።

3ኛ. መኪናውን ልጆች በማይደርሱበት ደረቅ ጠረጴዛ ላይ አኑሩት። በእርጥብ እጅ አትንኩት፤ ሽቦው የተላጠ ከሆነም አትጠቀሙበት። ሙቀቱን ከ55 እስከ 60 ዲግሪ አድርጉ። ከዚህ ከበዛ ላዩ ቶሎ ይጠጥርና ውስጡ እንደ ራሰ ይቀራል፤ እንዲህ ያለው በኋላ ይሻግታል። ማንጎ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ከዚያም ይበልጣል። መብራት ቢጠፋ ወደ ፀሐይ አውጡት፤ ፀሐይ ከሌለ በዚያው ቀን ብሉት ወይም ቀቅሉት እንጂ እርጥቡን አታሳድሩት።

4ኛ. ከቀዘቀዘ በኋላ መርምሩት። ማንጎው ይታጠፋል እንጂ እጅ ላይ አይጣበቅም፤ ሲቀደድም እርጥበት አይታይበትም። ባምያና ጎመን ኮሽ ብለው መሰበር አለባቸው። 1 ኪሎ የተላጠ ማንጎ ደርቆ 200 ግራም ያህል ይሆናል።

5ኛ. ክዳኑ በሚገጥም ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱት። አንድ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እዩት፤ በጠርሙሱ ውስጥ ጤዛ ከታየ ቶሎ አውጥታችሁ እንደገና አድርቁት። የሻገተ ካገኛችሁ ሁሉንም ጣሉ፤ ለዶሮም ለከብትም አትስጡ። የሻጋታ መርዝ በማጠብም በመቀቀልም አይጠፋም።

በክልላችን በጉባ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሆኖም መብራት ገና ያልገባለት ቤት ብዙ ነው። መብራት የሌላችሁ እናቶች፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባምያውንና ጎመኑን ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አስጡት። ዝንብና አቧራ እንዳይነካው በንጹሕ ሻሽ ሸፍኑት፤ ዶሮ አታስጠጉ፤ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት። ጎመን በጥላ ቢደርቅ ቫይታሚኑ ብዙ አይጠፋም።

ልጅ 6 ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የደረቀውን ማንጎ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ዘፍዝፋችሁ፣ ቀቅላችሁና አድቅቃችሁ በገንፎው ላይ ጨምሩለት። ደረቁን ቁራጭ ለትንሽ ልጅ አትስጡ፤ ያንቀዋል። የደረቀ ባምያና ጎመንም ሁልጊዜ በደንብ በስሎ ይበላ።

ይህ ሥራ ለእናት ብቻ የሚተው አይደለም። አባት ውሃውን ያምጣ፤ ቆጡንም ይሥራ፤ ታላላቆቹ ልጆችም እጃቸውን ታጥበው ይደርድሩ። ቤተ ሰቡ ተባብሮ በንጽሕና ያደረቀው ምግብ፣ ማንጎ ከገበያ በሚጠፋበት ወራት ለልጆቹ ጤና ይሆናል።