በመተግበሪያ በሚጠራ ታክሲ የክፍያ ጥያቄና የማረጋገጫ ክፍተት፦ የአዲስ አበባ ሁኔታ

አዲስ አበቤው በጅምላ «ራይድ» ብሎ የሚጠራው የታክሲ አገልግሎት፣ የማንኛውም ድርጅት ይሁን፣ ጉዞውን ከነመነሻው፣ ከነመድረሻውና ከነዋጋው ይመዘግባል። ገንዘቡ ከተሳፋሪው ወደ አሽከርካሪው ስለ መተላለፉ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ነገር የለም። ሒሳቡ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ፣ አለዚያም ከስልክ ወደ ስልክ ነው፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሁለተኛው መንገድ እጅግ ተለምዷል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ማጭበርበሩ የሚበቅለው የጉዞው መዝገብና የክፍያው መዝገብ ባለመገናኘታቸው ነው የሚል ነው።

ስለ ጉዳዩ ሲነሣ ተጎጂው ተሳፋሪ እንደሆነ አስቀድሞ ይታሰባል። ነገር ግን በጣም ቀላሉ ማታለያ የሚፈጸመው በአሽከርካሪው ላይ ነው። ተሳፋሪው «ልኬያለሁ» ብሎ የስልኩን ስክሪን ያሳያል። ያ ምስል ግን የቆየ ደረሰኝ፣ በፎቶ ማስተካከያ የተለወጠ፣ ወይም የባንክ መልእክት መስሎ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ማስረጃ የሚሆነው በተቀባዩ ስልክ የገባው መልእክት፣ ከዚያም በላይ በሒሳቡ ላይ የታየው ቀሪ ገንዘብ ነው፤ መልእክትም ቢሆን ሊመሰል ይችላልና። ኔትወርክ ሲዘገይ፣ መኪናው መቆም በማይፈቀድበት ቦታ ቆሞ ቀጣዩ ጥሪ ሲጮህ፣ ይህን ለማጣራት ጊዜ የለም።

ከጊዜው ይልቅ የሚከብደው ግን ይሉኝታው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ ምሽት ሜክሲኮ አካባቢ ስትወርድ ስልኳን ብታሳይ፣ አሽከርካሪው ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ «ግድ የለም እኅቴ፣ ይገባል» ብሎ ሄደ። ቤት ስትደርስ ግብይቱ አልተሳካም የሚል መልእክት አገኘች። ስልኩ በጥሪ መዝገቧ ስለነበረ ገንዘቡን መልሳ ላከች፤ ባትልክስ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ተሳፋሪን ፊት ለፊት መጠርጠር እንደ ስድብ በሚቆጠርበት ባህል «እስኪገባ ይጠብቁኝ» ማለት የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በተቃራኒው አቅጣጫ የታወቀው ጥያቄ «ጉዞውን ሰርዘው፣ በእጅ ትከፍለኛለህ» የሚለው ነው። ይህን ከማጭበርበር ጋር አንድ አድርጎ መመደብ ትክክል አይመስለኝም፤ ምክንያቱ በአብዛኛው ለድርጅቱ የሚቆረጠውን ኮሚሽን መሸሽ ነው። ይሁንና ተሳፋሪው የሚያጣው ከሚያስበው ይበልጣል፦ ዕቃ ቢረሳ፣ ዋጋ ቢጨመርበት ወይም አደጋ ቢደርስ ጉዞው በመዝገብ የለም። መኪናው ሳይደርስ «ነዳጅ ልቅዳበት፣ ቀድመህ ላክልኝ» የሚል ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ የሰሌዳ ቁጥሩን ከመተግበሪያው ጋር ሳያመሳክሩ አንድ ብር መላክ አይገባም።

ሦስተኛው ዓይነት ከሁለቱም ውጭ ያለ ሰው የሚፈጽመው ነው። የአሽከርካሪው ስልክ ቁጥር በየዕለቱ ለማያውቃቸው ሰዎች ስለሚደርስ «ከቢሮ ነው የምንደውለው» እያለ የምሥጢር ቁጥር ወይም በመልእክት የተላከ ኮድ የሚጠይቅ ሰው በቀላሉ ያገኘዋል። «በስህተት ልኬልሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ መልእክቱ ይመጣል፣ ገንዘቡ ግን አልመጣም።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለልን ይቀጣሉ። ችግሩ የገንዘቡ ማነስ ነው። ለጥቂት መቶ ብር ፖሊስ ጣቢያ የሚውል አሽከርካሪ ከተሰረቀው በላይ የቀን ገቢ ያጣል፤ ስለዚህ አያመለክትም። በፖሊስ መዝገብ ላይ ብቻ የሚመሠረት ጥናት ይህን ወንጀል ከነመኖሩም ላያየው ይችላል። መረጃው የሚገኘው አሽከርካሪዎች ጥሪ እየጠበቁ በሚሰባሰቡባቸው ቦታዎች፣ በቃለ መጠይቅ ነው።

መፍትሔው በአሠራር ደረጃ አስቸጋሪ አይደለም፦ የክፍያ ጥያቄው ከጉዞው ቁጥር ጋር ተያይዞ በመተግበሪያው ውስጥ ቢላክ፣ «ተከፍሏል» የሚለውን ቃል ተሳፋሪው ሳይሆን ሥርዓቱ ይናገራል፤ አሽከርካሪውም ማንንም መጠርጠር አያስፈልገውም። ሆኖም ኮሚሽኑ እንዳለ ከቆየ ሁለቱም ወገኖች ከመተግበሪያው ውጭ ለመክፈል የሚስማሙበት ምክንያት አብሮ ይቆያል።