አሮጌ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ስንት ግራም ፕላቲነም አለ?

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲ ወይም ኡበር የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው፣ ከፕሪየስ ሥር ካታሊቲክ ኮንቨርተር ተቆርጦ ተሰረቀ ሲባል ሳይሰማ አይቀርም። ሌባው የሚፈልገው ቆርቆሮውን አይደለም። ዛሬ ውስጡ ያለው ሀብት እንዴት እንደሚለካና እንዴት እንደሚወጣ እንማራለን።

ውስጡ ምን አለ?

ኮንቨርተሩ የሚገኘው በሞተሩና በማርሚታው መካከል ነው። በቆርቆሮው ውስጥ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ የበዛበት ሴራሚክ አለ። በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብተዋል። መርዛማውን ጭስ ይለውጣሉ እንጂ ራሳቸው ተቃጥለው አያልቁም፤ ስለዚህ መኪናው ቢያረጅም አብዛኞቹ እዚያው ይቆያሉ።

ስሌቱ

1 ፒፒኤም ማለት በ1 ኪሎ ውስጥ 1 ሚሊግራም ማለት ነው። ስለዚህ፦

ግራም = የሴራሚኩ ክብደት በኪሎ × ፒፒኤም ÷ 1000

ለምሳሌ 1.2 ኪሎ ሴራሚክ ውስጥ ፕላቲነም 1000፣ ፓላዲየም 1500፣ ሮዲየም 250 ፒፒኤም ቢሆን፣ የምናገኘው 1.2፣ 1.8 እና 0.3 ግራም ነው።

የአጎቴ ልጅ ያረጀውን ሊሸጥ ሲል ይህን የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩለት። ግን ክብደቱን ያስገባሁት ከነቆርቆሮው ነበር። በምሳሌያችን 1.2 ኪሎውን በ4 ኪሎ እንደመተካት ነው፤ ፕላቲነሙ 4 ግራም ይሆናል! በእኔ ቁጥር ተማምኖ ከገዢው ጋር ሊጣላ ነበር። ኮዱ በትክክል ሠርቷል፤ የተሳሳተው እኔ ያስገባሁት ቁጥር ነው።

መሣሪያው የሚያየው

ገዢዎች ኤክስአርኤፍ የሚባል በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይጠቀማሉ። ኤክስሬይ ሲያርፍበት እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ጉልበት ያለው ኤክስሬይ መልሶ ይለቃል፦ ሮዲየም 20.2፣ ፓላዲየም 21.2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ። ሶፍትዌሩ እነዚህን ቆጥሮ ወደ ፒፒኤም ይቀይራል።

ነገር ግን መሣሪያው የሚያየው ፊቱ ያለውን ስስ ሽፋን ብቻ ነው። የሴራሚኩ የፊትና የኋላ ጫፍ ደግሞ እኩል ላይቀባ ይችላል። ስለዚህ ሴራሚኩ በደንብ ተፈጭቶና ተደባልቆ ነው ናሙና የሚወሰደው። ሳይፈጭ የተነበበ ቁጥር ግምት ነው።

እንዴት ይወጣል?

ዱቄቱ በፋብሪካ ምድጃ ከመዳብ ወይም ከብረት ጋር ይቀልጣል። የቀለጠው ሴራሚክ ከላይ ሲንሳፈፍ፣ የከበሩት ማዕድናት ከመዳቡ ጋር ወደ ታች ይሰምጣሉ። ከዚያ በአሲድ ይለያያሉ።

ቤት ውስጥ አትሞክሩት! የአሲዱ ጭስ ሳንባ ይጎዳል፣ የፕላቲነም ጨዎች አስም ያስከትላሉ፤ ሮዲየም ደግሞ በአሲዱ በቀላሉ አይሟሟም።

የቤት ሥራ

ስሌቱን በምትወዱት ቋንቋ ጻፉት። «ጠቅላላ ክብደት» እና «የሴራሚክ ክብደት» ለየብቻ ይግቡ። ዋጋ ስትጨምሩ ደግሞ የከበሩ ማዕድናት አውንስ 31.1 ግራም እንጂ 28.35 እንዳልሆነ አትርሱ።

መልካም ኮድ!