ሱፐርቻርጀር ላለው ጀልባ ዘይት ስትመርጥ

ልጄ፣ ጀልባ መግዛትህን እናትህ ነገረችኝ፤ እንኳን ደስ ያለህ። የላክህልኝንም ፎቶ አየሁት፦ እ.ኤ.አ. የ2007 ስሪት ሲ-ዱ ስፒድስተር 150፣ ባለ 215 የፈረስ ጉልበት፣ ሱፐርቻርጀር ያለው። «ከሁሉ ውዱን ሲንተቲክ ዘይት ልግዛለት?» ብለህ ለጠየቅኸኝ መልሴ «አይሆንም» ነው። ምክንያቱን ሳታውቅ ግን ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ያሳምንሃልና ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ጋራዥ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላም እዚሁ አትላንታ። የመኪና ሞተር የሚያውቅ ሰው የጀልባም የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ላይ ነው።

1. መጀመሪያ ማሽኑን እወቀው። ያንተ ጄት ጀልባ ነው፤ ከውጭ የሚዞር ፕሮፔለር የለውም። ከሆዱ ሥር ባለው ፍርግርግ ውሃ ይስብና በፓምፑ ገፍቶ ከኋላ በጠባብ አፍ ይተፋዋል፤ ወደፊት የሚወረውረው ያ ግፊት ነው። ዘዴውን ለወግ ለማዕረግ ያበቃው የኒውዚላንዱ ቢል ሃሚልተን ነው፤ ጥልቀት በሌላቸው የአገሩ ወንዞች ላይ ለመሄድ ብሎ በ1950ዎቹ ሠራው። በ1960 የሃሚልተን ጀልባዎች የኮሎራዶን ወንዝ በግራንድ ካንየን ውስጥ ሽቅብ ወጥተውታል። ድንቅ ሥራ ነው፤ ለሞተሩ ግን እረፍት የለውም። መኪና ቁልቁለት ሲያገኝ ይተነፍሳል፣ ማርሽ ሲቀየርለት ይቀለዋል። ጀልባ ቁልቁለትም ማርሽም የለውም። መኪናህ አውራ ጎዳና ላይ በደቂቃ 2,500 ዙር ገደማ እየዞረ ሲሄድ፣ ይህ ሞተር ጋዙን ሙሉ በሙሉ ስትሰጠው ከ7,000 በላይ ይዞራል፤ ያውም ሸክሙን እንደተሸከመ። ማዕበል ዘሎ ሲነሳ ደግሞ ፓምፑ ውሃ ትቶ አየር ይስባል። ሸክሙ በቅጽበት ይጠፋል፣ ሞተሩ ይጮኻል፤ ጀልባው ተመልሶ ውሃ ሲነካ ዙሩ በድንገት ይወርዳል። ይህን ነገር ያዝልኝ፤ የዘይቱ ጉዳይ በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

2. ዘይቱ ማለስለስ ብቻ አይደለም ሥራው። የጀልባህ ሞተር ሮታክስ ይባላል፤ አየር ጨምቆ የሚያስገባለት ሱፐርቻርጀር በቺንጊያ አይዞርም፤ ከሞተሩ ጋር በጥርስ የተያያዘ ነው። ሞተሩ 8,000 ዙር ሲደርስ አየር የሚጨምቀው የሱፐርቻርጀሩ ባለምላጭ መዘውር ከ40,000 በላይ ይዞራል። እንዲህ የሚበር ነገር በድንገት «ቁም» ቢባል ጥርስ ይረግፋል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በመካከሉ ትንሽ ፍሪሲዮን አስገቡ፦ በሞላ ተጨምቀው የተያዙ ሮንዴላዎች፣ ድንገተኛው ጉልበት ሲመጣ ጥቂት ተንሸራተው የሚያሳልፉት። ይህ ፍሪሲዮን የሚኖረው በሞተሩ ዘይት ርሶ ነው።

እንግዲህ ልብ በል። ያው አንዱ ዘይት ለኩሽኔታው እጅግ የሚያንሸራትት፣ ለፍሪሲዮኑ ደግሞ ይዞ የሚያስቀር መሆን አለበት። የዛሬ የመኪና ዘይቶች ግን ቤንዚን ለመቆጠብ ሲባል ሰበቃ የሚቀንስ ኬሚካል ይጨመርባቸዋል። መኪና ውስጥ ጥሩ ነው። እዚህ ሲገባ ፍሪሲዮኑ መያዝ ይተዋል። ሞተሩ አይጮኽም፣ አያጨስም፤ ጀልባው ብቻ ይዝላል። 8,000 ይደርስ የነበረው ዙር ከዚያ በታች ይቀራል፤ ባለቤቱ ሻማ ሲቀይር፣ ፓምፕ ሲያስፈትሽ ይከርማል፤ ሮንዴላዎቹም በመንሸራተት ብዛት ይቃጠላሉ። የዚያ ዘመን የሲ-ዱ ማኑዋል ሱፐርቻርጀር ላለው ሞተር ሲንተቲክ ዘይት እንዳይደረግ በግልጽ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው። እኔ እንደምረዳው ጥፋቱ የሲንተቲክነቱ ሳይሆን አብሮት የሚመጣው ኬሚካል ነው፤ ግን ጋሎኑን ከውጭ አይተህ ውስጡን መለየት ስለማትችል የማኑዋሉን ቃል ጠብቅ።

3. ቁጥሩን አንብብ። 10 ደብሊው-40 የሚለውን ፈልግ። ደብሊው ያለበት ቁጥር ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ዘይቱ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል። ለአንተ ትልቁ ቁጥር 40ው ነው፤ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው የሚለካው እሱ ነው። ባለ 40 ዘይት በዚያ ሙቀት ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ ውፍረት ይይዛል፤ ባለ 30ው ከ9.3 ጀምሮ 12.5 ሳይደርስ ይቀራል። ጋራዥህ ውስጥ ከመኪናህ የተረፈ 5 ደብሊው-30 አለ ብለህ አትጨምርበት። ሙሉ ቀን በከፍተኛ ዙር የሚሠራ ሞተር ዘይቱ ሲቀጥንበት ብረት ከብረት ይገናኛል።

4. ምልክቶቹን ለይ። የመኪና ዘይት ጀርባ ላይ ክብ የኤፒአይ ምልክት አለ። በክቡ ታችኛው ክፍል «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» ወይም በቀድሞው አጠራር «ኢነርጂ ኮንሰርቪንግ» የሚል ጽሑፍ ካየህ መልሰህ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው፤ ቤንዚን ቆጣቢ ዘይት ማለት ነውና። ጃሶ ኤምኤ የሚለው ምልክት ለሞተር ብስክሌት የወጣ ነው፤ በዘይት የራሰ ፍሪሲዮን በዚያ ዘይት ውስጥ እንደሚይዝ የተፈተነ መሆኑን ያሳያል። ጃሶ ኤምቢ ተቃራኒው ነው፣ አትንካው። በአሜሪካ የጀልባ አምራቾች ማኅበር የሚሰጠው ኤፍሲ-ደብሊው ደግሞ ባለ አራት ምት የጀልባ ሞተርን ከዝገት ለመከላከል የተፈተነ ዘይት መሆኑን ይነግርሃል። ጥሩ ምልክት ነው፤ ስለ ፍሪሲዮን ግን ቃል አይሰጥህም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ማሪን» የሚል ካየሁ ይበቃል ብሎ ነው።

ነገሩን ላሳጥርልህ፦ አምራቹ ለዚያ ሞተር ያዘጋጀውን ኤክስፒኤስ የተባለውን ባለ አራት ምት ቅይጥ ዘይት (ሙሉ ሲንተቲኩን አይደለም) ግዛ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። በዓመት አንዴ የምታወጣው ገንዘብ ነው። እሱን ባጣህ ጊዜ ማኑዋሉ የሚፈቅደውን፣ ፍሪሲዮን የማያንሸራትተውን ማዕድናዊ 10 ደብሊው-40 ፈልግ። የጎረቤትህ አዲስ ጀልባ በሌላ ዘይት እየሠራ ቢሆን ላንተ ማስረጃ አይሆንም፤ ፍሪሲዮኑ ከዓመት ዓመት ተለዋውጧል።

5. ጠርሙስ ውስጥ የሚሸጥ «ተአምረኛ» ማሻሻያ ምንም አትጨምር። ምንም!

6. ስትለካ ተጠንቀቅ። ይህ ሞተር ዘይቱን ከሥሩ አጠራቅሞ አይቀመጥም፤ ፓምፖች እየሳቡ ወደ ማጠራቀሚያው ይመልሱታል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የመለኪያውን ዘንግ ብትመዝ ጎድሎ ታየዋለህ፣ ትሞላለህ፣ ከልክ በላይም ይሆናል። የበዛ ዘይት ደግሞ በትንፋሽ መስመሩ ወደ አየር ማስገቢያው ይወጣል። ሐይቁ ላይ አሙቀው፣ ጀልባው ቀጥ ብሎ መቀመጡን አረጋግጥ፣ 30 ሰከንድ ያለ ጋዝ አሠራው፣ አጥፋው፣ 30 ሰከንድ ጠብቅ፣ ከዚያ ለካ። ቤትህ በር ላይ በውሃ ጎማ የምታሠራው ከሆነ ቅደም ተከተሉን እንዳትስት፦ መጀመሪያ ሞተር፣ ቀጥሎ ውሃ። ስትጨርስ መጀመሪያ ውሃውን ዝጋ፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፋ። ሞተሩ ቆሞ ውሃው ከፈሰሰ በጭስ ማውጫው ዞሮ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ከ2 ደቂቃም አታስበልጥ፤ የጄት ፓምፑ ዘንግ ማኅተም የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ነው።

7. ዘይቱን በዓይንህም በአፍንጫህም መርምር። በነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርገው። መልኩ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ሞተሩን አታስነሳ፣ በዚያኑ ቀን ይመጠጥ፣ ይቀየር፣ ውሃው የገባበትም ቀዳዳ ይፈለግ፤ ውሃ የነካው ኩሽኔታ በቀናት ውስጥ ይዝጋል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና መጠኑም ሳትሞላው ከፍ ካለ ነዳጅ እየተቀላቀለበት ነው፣ ቀጥኗል። መጥቆሩ ብቻ አያስደንግጥህ። አሮጌውን ፊልትሮ ሳትጥለው በቢላ ቅደደውና ወረቀቱን በፀሐይ ዘርግተህ እየው። ደቃቅ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ጥቂት ይኖራል። በጣት የሚያዝ ስባሪ ካገኘህ ግን ጀልባው ተጎታቹ ላይ ይቆይ።

8. የምትቆጥረው በማይል ሳይሆን በሰዓት ነው፦ 100 ሰዓት ሲሞላ ወይም በዓመት አንዴ፣ ከሁለቱ በቀደመው። ብዙ ሰው ክረምቱን አሮጌ ዘይት ውስጥ አሳልፎ በጸደይ ይቀይራል፤ ይህ ግልባጭ ነው። ሲሠራ የከረመ ዘይት አሲድና እርጥበት ይዟል፤ ወራት ሙሉ ቆሞ የሚበላው ብረቱን ነው። በጥቅምት ሌኒየር ሐይቅ ሲቀዘቅዝ፣ ጀልባውን ከመሸፈንህ በፊት ቀይር። ወደ ሳቫና ወርደህ ጨው ውሃ ካስነካኸውማ እስከ መጨረሻው አትጠብቅ።

9. ከዘይቱም በፊት አንድ ጥያቄ አለ፤ ሳትመልሰው ጀልባውን ውሃ እንዳታስነካው። በዚያ ዘመን በወጡት ብዙዎቹ ሱፐርቻርጀሮች ፍሪሲዮን ውስጥ ያሉት ሮንዴላዎች ሴራሚክ ነበሩ። ሴራሚክ ሲያረጅ አይሳሳም፣ ይሰበራል። ስባሪው ከዘይቱ ጋር ይወርዳል፣ የዘይቱን መስመር ይዘጋል፣ የዘይት ፓምፑን ይበላል፤ ሞተሩም ዘይት አጥቶ ይነክሳል። የትኛውም ዘይት ይህን አያድንም። ኋላ አምራቹ ራሱ በብረት ቀይሯቸዋል። ለእነዚያ ሱፐርቻርጀሮች የተመከረው የማደሻ ጊዜ 100 ሰዓት ነበር። ሻጩን «ሮንዴላው ወደ ብረት ተቀይሯል? መቼ? በስንት ሰዓት?» ብለህ ጠይቀው፣ ደረሰኝም አምጣ በለው። ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተሠራ ቁጠረውና ሱፐርቻርጀሩን አስወርደህ አስከፍተው። ሲከፈት ከሮንዴላዎቹ አንዱ ተሰብሮ ከተገኘ ስባሪው በሙሉ እስኪለቀም ድረስ የዘይቱ ማጣሪያ ወንፊትና ማጠራቀሚያው ይጽዳ፤ «ይበቃል፣ ዘይቱ ያጥበዋል» የሚልህን ሰው አትስማ። እስከዚያው ጀልባው ተጎታቹ ላይ ይቆይ፤ ሐይቁ የትም አይሄድም።