በረሮን መግደልና በረሮን መቆጣጠር፦ በመኖሪያ ቤቶችና በምግብ ድርጅቶች ማብሰያ ክፍሎች

በአማርኛ «በረሮ» የሚለው ቃል ከአንድ በላይ ለሆኑ የነፍሳት ዝርያዎች የሚያገለግል የወል ስም ነው። በፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ሥር የሚታየው፣ የአዋቂ ሰው አውራ ጣት ሊያህል ጥቂት የቀረው ቀይ ቡናማ በረሮም፣ በማቀዝቀዣ ሞተር አካባቢ የሚርመሰመሰው ትንሹ በረሮም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ስሙ አንድ በመሆኑም መድኃኒቱ አንድ መስሎ ይታያል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያተኩረው በሁለተኛው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ብላቴላ ጀርማኒካ፣ በተለምዶ የጀርመን በረሮ ተብሎ በሚታወቀው ዝርያ ላይ ነው። መነሻ ሐሳቡም መርጨት ብቻውን ቁጥጥር ሊባል እንደማይችል፣ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ቁጥጥሩን እንደሚያሰናክል ማሳየት ነው።

ይህ ዝርያ የተመረጠበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2007 በአዲስ አበባና በዝዋይ በተካሄደ ጥናት ከስድስት ሺህ በላይ በረሮዎች በወጥመድ ተይዘው ተመርምረዋል። ከአዲስ አበባ የተያዙት በሙሉ የጀርመን በረሮ ሆነው ሲገኙ፣ ሞቃታማ በሆነችው በዝዋይ ግን የዚህ ዝርያ ድርሻ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ያው ጥናት በረሮዎቹ የሰውን የአንጀት ጥገኛ ተውሳኮች ተሸክመው እንደሚዘዋወሩም አረጋግጧል። እንግዲህ የአዲስ አበባ ነዋሪ በማብሰያ ክፍሉ ትንሽ ቡናማ በረሮ ካየ፣ ከአንገቱ በታች ሁለት ጥቁር መስመሮች ያሉትን ይህንኑ ዝርያ አየ ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም።

የዝርያው ስም ራሱ የሚያሳስት ነው። ጀርመኖች በሩስያ፣ ሩስያውያን ደግሞ በፕሩስያ ስም ይጠሩት ስለነበር ሁሉም ወደ ጎረቤቱ የገፋው እንግዳ ነበር ለማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የዘር ጥናት ዝርያው ከ2,100 ዓመታት ገደማ በፊት በደቡብ እስያ ከእስያ በረሮ ተለይቶ እንደ ወጣ፣ ወደ አውሮፓ የደረሰውም ከጥቂት ምዕተ ዓመታት ወዲህ መሆኑን አመልክቷል። ለእኛ የሚጠቅመው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ይህ በረሮ ከሰው ሕንፃ ውጭ ራሱን ችሎ የሚኖርበት ዱር የለውም። የሙቀት አገር ፍጥረት በመሆኑ የደጋውን የሌሊት ብርድ የሚያመልጠው በእኛው ምድጃ፣ በእኛው ማቀዝቀዣ ሞተርና በእኛው የኤሌክትሪክ ምጣድ ሥር ነው።

የኑሮው ሥርዓት

ሴቷ በአንድ የዕንቁላል ቋት ውስጥ ከ30 እስከ 40 የሚደርሱ ዕንቁላሎችን ትይዛለች። ሌሎች በረሮዎች ቋታቸውን በአንድ ጥግ ጥለው ሲሄዱ፣ የጀርመን በረሮ ግን ሊፈለፈል አንድ ቀን ያህል እስኪቀረው ድረስ ለአራት ሳምንታት ገደማ ከሰውነቷ ጋር አጣብቃ ትዞራለች። በእነዚህ ሳምንታት ከተደበቀችበት ስንጥቅ የምትወጣው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ በምሽት ወጥቶ በሚረጨው መድኃኒት የሚሞቱት በአብዛኛው ወንዶቹና ግልገሎቹ ሲሆኑ፣ ነገ ቤቱን የምትሞላው እናት ከውስጥ ትቀራለች። ግልገሎቹ በሞቀ ስፍራ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ለአካለ መጠን ይደርሳሉ። የአንድ ቤት ሰው «በየሦስት ወሩ ይመለስብናል» ሲል የሚናገረው፣ ሳያውቀው፣ የዚህን ነፍሳት የትውልድ ዘመን ነው።

አዋቂው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ስንጥቅ ይመርጣል፤ አዲስ የተፈለፈሉት ደግሞ ከ2 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ክፍተት ይገባሉ። ጀርባቸውም ሆዳቸውም ግድግዳ እንዲነካ ይፈልጋሉ። ዓይነ ምድራቸው የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ሲሆን፣ ጠረኑ ሌሎች በረሮዎችን ወደዚያው ይጠራል። ይህን ነጠብጣብ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ማጠብ ለዓይን ከማማሩም ባሻገር የመሰብሰቢያ ምልክታቸውን ይሰርዛል።

የጤናው ጉዳት ተውሳክ በመሸከም ብቻ አይወሰንም። በምራቃቸው፣ በዓይነ ምድራቸውና በሚጥሉት ቆዳ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ደርቀው ከአቧራ ጋር ሲቀላቀሉ አስም ያባብሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ በአሜሪካ ከተሞች የተካሄደ ጥናት፣ ለበረሮ አለርጂ ያለባቸውና ብዙ የበረሮ ብናኝ ባለበት ክፍል የሚተኙ አስም ያለባቸው ሕፃናት ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ እንዳገኘው ገልጿል። ብናኙ በረሮዎቹ ከሞቱ በኋላም ስለሚቆይ ከግድያው ቀጥሎ የሚደረገው ጽዳት የሕክምናው አካል ነው።

ፍሊት ለምን አይበቃም

በቆርቆሮ የሚሸጠው የሚረጭ መድኃኒት፣ በልማድ አጠራሩ ፍሊት፣ በአብዛኛው ፓይረትሮይድ ከሚባለው ቤተሰብ የሚመደብ ነው። ያገኘውን በረሮ ይገድላል፤ ያላገኘውን ግን ያባርራል። የተባረረው በረሮ ከማብሰያ ክፍሉ ወደ መኝታ ክፍሉ፣ ከዚያም በቧንቧ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ከዚህም በላይ የጀርመን በረሮ በብዙ አገሮች እነዚህን መድኃኒቶች ተላምዷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአሜሪካ በወጣ አንድ ጥናት፣ በመኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ መድኃኒት እያፈራረቁ መርጨት ቢበዛ የበረሮውን ቁጥር ባለበት ማቆየቱ፣ አንዱን መድኃኒት የተላመዱ በረሮዎች ልጆችም ነክተውት የማያውቁትን ሌላ መድኃኒት መቋቋም መጀመራቸው ታይቷል።

የበለጠ የሚያሳስበው ለእርሻ የተዘጋጀ መድኃኒት ወደ ቤት መግባቱ ነው። ማላታይን በገበያ ላይ በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ መጠኑና የአጠቃቀም መመሪያው ሳይጻፍበት ሲሸጥ ማየት እንግዳ አይደለም። ይህ መድኃኒት የበረሮውን ነርቭ የሚያጠቃበት መንገድ የሰውንም ነርቭ ይመለከታል፤ በብዛት የተነካካው ሰው ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የምራቅ መብዛትና የትንፋሽ መቆራረጥ ሊገጥመው ይችላል። ሊጥ በሚቦካበትና እንጀራ በሚጋገርበት ክፍል ውስጥ መርጨት፣ በተለይም መሬት ላይ የሚድህ ሕፃን ባለበት ቤት፣ ከበረሮው የከፋ አደጋ መጋበዝ ነው። በጠርሙስ የተቀመጠውን ውሃ መስሎት የሚጠጣ ልጅ መኖሩም መዘንጋት የለበትም።

ውሃ፣ ምግብ፣ ስንጥቅ

ከሦስቱ ለውሃው ቅድሚያ መስጠት ይገባል። ሴቷ በረሮ ውሃ ካገኘች ያለ ምግብ ከአንድ ወር በላይ ልትቆይ ትችላለች፤ ደረቅ ምግብ ሞልቶላት ውሃ ካጣች ግን ከሁለት ሳምንት ብዙም አትዘልቅም። ስለዚህ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ማሠራት፣ የማቀዝቀዣውን የውሃ መቀበያ መድፋት፣ ሌሊት በዕቃ ማጠቢያው ውስጥ የተዘፈዘፈ ዕቃና እርጥብ ጨርቅ አለማሳደር ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል። ውሃ በየጊዜው በሚቋረጥበት ከተማ በበርሜልና በጀሪካን ውሃ ማከማቸት የግድ ነው፤ ክዳናቸው ጥብቅ መሆኑንና ሥራቸው ደረቅ መሆኑን ማረጋገጥ ግን ይቻላል።

ምግብን በተመለከተ ወለል መጥረግ ብቻውን በቂ አይደለም። በመሶብና በሰፌድ ስፌት መካከል የሚቀረው ፍርፋሪ፣ በምድጃ ጎን የፈሰሰው ዘይት፣ የቤት እንስሳ ያስተረፈው ምግብ ሌሊቱን ሙሉ ማዕድ ነው። የቆሻሻ መጣያው ክዳን ይኑረው፤ ማታ ይውጣ። ስንጥቁን በሲሚንቶ ወይም በሲሊኮን መድፈን፣ በተለይም ቧንቧና የኤሌክትሪክ ሽቦ ግድግዳ ዘልቀው የሚያልፉበትን ቀዳዳ፣ የአንድ ቀን ሥራ ሆኖ ለዓመታት ይጠቅማል።

መቁጠርና ማባበያ

መድኃኒት ከመግዛት በፊት በረሮው የት እንዳለ ማወቅ ይገባል። ሙጫ የተቀባ የካርቶን ወጥመድ በግድግዳ ጥግ፣ ከማቀዝቀዣ ጀርባ፣ ከዕቃ ማጠቢያ ሥርና ከምድጃ አጠገብ ተለጥፎ አንድ ሌሊት ይደር። በማግሥቱ በየወጥመዱ የተያዙት ተቆጥረው ከቦታው ስም ጋር ይመዝገቡ። ግልገሎች የበዙበት ወጥመድ መፈልፈያው በቅርብ መሆኑን ይናገራል፤ ከእናታቸው መደበቂያ ርቀው አይሄዱምና። በቀን ብርሃን በረሮ መታየቱ ደግሞ መደበቂያዎቹ መጨናነቃቸውን የሚያመለክት ስለሆነ «አንድ ብቻ ነው ያየሁት» ብሎ መጽናናት አያዋጣም።

ቀጥሎ የሚመከረው ማባበያ መርዝ፣ በተለይም በጄል መልክ በስሪንጅ ተሞልቶ የሚሸጠው ነው። በረሮው በልቶ ወደ ስንጥቁ ይመለስና እዚያ ይሞታል፤ ዓይነ ምድሩንና ሬሳውን የሚበሉት ሌሎችም ይመረዛሉ። ከስንጥቅ የማትወጣው እናትና ገና የተፈለፈሉት ግልገሎች የሚደረስባቸው በዚህ መንገድ ነው። አጠቃቀሙ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጄሉ በአንድ ስፍራ በብዛት አይለቀለቅም፤ የምስር ፍሬ የሚያህል ጠብታ በብዙ ቦታ፣ ወጥመዱ ባመለከተው ስንጥቅ ጠርዝ ላይ፣ ምግብና የልጅ እጅ በማይደርስበት ይደረጋል። ሲደርቅ ይተካል። በአካባቢው ከቶ አይረጭም፤ ፍሊት የነካውን ማባበያ በረሮ አይቀምሰውምና። ብዙ ቤቶች «ጄሉም አልሠራም» የሚሉት ሁለቱን በአንድ ሌሊት ስለሚጠቀሙ ነው።

ማባበያውም ቢሆን ለዘላለም የሚያገለግል አይደለም። ባለፈው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ግሉኮስ ያለበትን ማባበያ የሚሸሹ በረሮዎች ተገኝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ምክንያቱን አብራርቷል፤ በእነዚህ በረሮዎች አፍ ግሉኮስ የመራራነትን ስሜት የሚያስተላልፉትን ሴሎች ይቀሰቅሳል። ጣፋጩ መረራቸው ማለት ነው። ስለዚህ ወጥመዱ ቁጥሩ እንዳልቀነሰ ካሳየ፣ መጠን ከመጨመር ይልቅ በውስጡ ያለው መርዝና ምግቡ የተለየ ማባበያ መግዛት ይሻላል።

ቦሪክ አሲድም ጥሩ አማራጭ ነው፤ ሆኖም በረሮ ክምር ዱቄትን ዞሮ ስለሚያልፍ በዓይን በጭንቅ እስኪታይ ድረስ ሳስቶ፣ በደረቅ ስንጥቅ ውስጥ ብቻ መነስነስ አለበት። ነጭ ዱቄት በመሆኑ ከጨውና ከስኳር ርቆ፣ ስሙ ተጽፎበት ይቀመጥ።

በምግብ ድርጅቶች

ምግብ ቤት፣ ካፌና ዳቦ ቤት ከመኖሪያ ቤት የሚለዩት በረሮው በየቀኑ በፊት በር ስለሚገባ ነው። የለስላሳ ሳጥን፣ የዕንቁላል መደርደሪያ ካርቶን፣ የአትክልት ኬሻ ሁሉ ማጓጓዣ ነው። ዕቃው ከማብሰያው ክፍል ውጭ ተራግፎና ተፈትሾ ቢገባ፣ ካርቶኑም ወዲያው ቢወገድ፣ በረሮ ሳይገባ ሊመለስ ይችላል። የሚከማቸው ምግብ ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ፣ ከግድግዳም ፈቀቅ ቢል ከኋላው መጥረግና ማየት ይቻላል።

አንድ ቦታ በተለይ መጠቀስ አለበት፤ የቡና ማሽኑ። ቀኑን ሙሉ የሚሞቅ፣ እርጥበትና የወተት ፍንጣሪ የማይለየው፣ በውስጡ ብዙ ክፍተት ያለው ዕቃ ነው። ሆኖም ከፊት ለፊቱ እየተወለወለ ከሥሩ ሳይነሳ ወራት ያልፋል። በሳምንት አንድ ቀን ከተዘጋ በኋላ አንስቶ ሥሩን ማጽዳትና በአጠገቡ ወጥመድ ማኖር ሌላውን ክፍል ሁሉ ከመርጨት የላቀ ውጤት አለው። የማቀዝቀዣ በር ጎማ እጥፋትም እንዲሁ ነው። የወጥመድ ቆጠራው በየሳምንቱ በመዝገብ ቢያዝ፣ ባለቤቱ ለሚቀጥረው መድኃኒት ረጪ ክፍያ የሚፈጽመው በሽታው ጠንካራነት ሳይሆን በተቀነሰው ቁጥር መሠረት ይሆናል።

በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች

በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ ፈጽሞም በረሮው ሊመለስበት ይችላል። የውሃና የፍሳሽ ቱቦዎች ከወለል ወለል በሚያልፉበት መተላለፊያ በረሮው እንደ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሥራው የነዋሪዎች ኮሚቴ ሥራ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ቱቦ መስመር ላይ ያሉ ቤቶች ሁሉ በአንድ ሌሊት ወጥመድ ቢያኖሩ፣ በማግሥቱ የትኛው ቤት ምንጭ እንደሆነ ይታወቃል፤ ብዙውን ጊዜም ምንጮቹ ጥቂት ቤቶች ናቸው። ለእነዚያ ቤቶች ማባበያ በጋራ መዋጮ መግዛት እያንዳንዱ ለብቻው ፍሊት ከሚገዛበት ወጪ ሊያንስ ይችላል። የቤቱ ባለቤት እንዳያፍር የቆጠራው ውጤት በኮሚቴው እጅ ብቻ ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ያፈረ ሰው በሩን አይከፍትም፣ በሩ ያልተከፈተለት ቤትም የሕንፃው ሁሉ መፈልፈያ ሆኖ ይቀራል። ቆጠራው ከወር በኋላ፣ ከዚያም ግልገሎቹ ለአካለ መጠን በሚደርሱበት በሦስተኛው ወር ይደገማል።