የፓርኪንሰን ሕመምና የጋራ እንቅስቃሴ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን የወረታን ከተማ እናገኛለን። የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያቋርጡት የፎገራ ሜዳ ከዚያ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ ተዘርግቷል። ሩዝ በሚታረምበትና በሚታጨድበት ወቅት የአካባቢው ገበሬ በደቦና በወንፈል ይሰባሰባል። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ማጭዱም ከዜማው እኩል ይወርዳል።

ከዚህ ሰልፍ መካከል አንድ አዛውንት ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ኋላ ሲቀሩ እናስብ። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እርምጃቸው አጥሯል፤ ድምፃቸው ሰልሏል። ጎረቤት «እርጅና ነው» ይላል። እርሳቸውም ኀፍረት ተሰምቷቸው መጀመሪያ ከደቦው፣ ቀጥሎ ከማኅበሩና ከዕድሩ ይቀራሉ። ቤተሰቡ ቤት መዋላቸውን እንደ ዕረፍት ይቆጥረዋል። ለመሆኑ ይህ በእርግጥ ዕረፍት ነውን? በዚህ ጽሑፍ የፓርኪንሰን ሕመም ያለበት ሰው ከሌሎች ጋር ሆኖ መንቀሳቀሱ ምን እንደሚጠቅመው እንመለከታለን።

የሕመሙ ምንነት

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ሕመሙን በዝርዝር የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው። በመካከለኛው አንጎል ውስጥ ሰብስታንሺያ ናይግራ በተባለው ክፍል የሚገኙ ነርቭ ሕዋሳት ዶፓሚን የተሰኘውን ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። በሕመሙ ምክንያት እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ዶፓሚን ሲያንስ እንቅስቃሴን የሚያስጀምረውና መጠኑን የሚወስነው የአንጎል ሥርዓት ይዛባል። ዋነኞቹ ምልክቶች የእንቅስቃሴ መዘግየት፣ የጡንቻ መገተር፣ መንቀጥቀጥና፣ ሕመሙ እየገፋ ሲሄድ፣ ሚዛን መሳት ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሕመሙ እንዳለባቸው ገምቷል። በሀገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ነዋሪዎችን ያካተተ ጥናት አካሂደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ይህ ጥናት ከ100,000 ሰዎች ሰባቱ ሕመሙ እንዳለባቸው አመልክቷል። ቁጥሩን ስናነብ ግን ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ ሕመሙ በብዛት የሚታየው ከ60 ዓመት በኋላ ሲሆን የሀገራችን ሕዝብ አብላጫው ወጣት ነው። ሁለተኛ፣ የአረጋውያን ቁጥር ሲጨምር የሕሙማኑም ቁጥር አብሮ መጨመሩ አይቀርም።

እንቅስቃሴ ምን ይጠቅማል?

ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት በአንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን ተለውጦ ምልክቶቹን ያስታግሳል፤ የሕዋሳቱን ሞት ግን አያቆምም። ስለዚህ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን የአካል እንቅስቃሴ ያለው ድርሻ በስፋት ተጠንቷል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 195 ሕሙማንን በሦስት ምድብ ከፍሎ ለ24 ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል በቡድን አሠልጥኗል። ታይ ቺ የተባለውን ዝግተኛ የቻይና ስፖርት የሠሩት ከሌሎቹ ሁለት ምድቦች የተሻለ ሚዛን አሳዩ፤ ሰውነትን በማፍታታት ብቻ ከተወሰኑትም ያነሰ ወደቁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ደግሞ 130 ሕሙማንን አሳትፏል። ስድስት ወር በቤታቸው የቆመ ብስክሌት የነዱት ሕሙማን የእንቅስቃሴ ምልክታቸው በነበረበት ሲቆይ፣ በማፍታታት የተወሰኑት ሕሙማን ምልክት ተባብሷል።

የኋለኛው ጥናት ብቻውን የሚሠራ ሰውም እንደሚጠቀም ያሳያል። ሆኖም በዚያ ጥናት ውስጥ ሕሙማኑ ልምምዱን እንዳያቋርጡ የሚያበረታታ የስልክ ፕሮግራምና ከሩቅ ሆኖ የሚከታተላቸው ባለሙያ እንደነበሩ ልብ ይሏል። ይህ ሁሉ በሌለበት ቦታ ጎትጓቹና ተከታታዩ ማን ይሆናል? ባልንጀራ ነው።

አብሮ መሥራት ምን ይጨምራል?

የመጀመሪያው ምት ነው። ጤናማ ሰው ሲራመድ የእርምጃውን ጊዜ የሚጠብቅለት አንጎሉ ነው። በፓርኪንሰን ሕመም ይህ የውስጥ ጊዜ ጠባቂ ይዳከማል፤ አንዳንድ ጊዜም እግር መሬት ላይ የተጣበቀ ያህል ይቆማል። ጭብጨባ፣ ከበሮ ወይም ዜማ ከውጭ ሲሰማ ግን አንጎል በሌላ መንገድ ተጠቅሞ እርምጃውን ከምቱ ጋር ያስተካክላል። በደቦ ውስጥ ዜማው ማጭዱን እንደሚመራ ሁሉ ምቱ እግርን ይመራል።

ሁለተኛው ተነሣሽነት ነው። ዶፓሚን ለእንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን ለፍላጎትና ለመነቃቃትም ያገለግላል። ስለዚህ ሕመምተኛው «ዛሬስ ይቅርብኝ» ሲል ስንፍና ሳይሆን ሕመሙ ራሱ ሊሆን ይችላል። ደጅ ቆሞ «ኑ እንጂ፣ እየጠበቅንዎ ነው» የሚል ጎረቤት ያን የጎደለውን ግፊት በከፊል ይተካል።

ሦስተኛው ድምፅና ወዳጅነት ነው። ከፍ አድርጎ መቀበልና መቁጠር የሰለለውን ድምፅ ያሠራል። ራሱን የመሰለ ሌላ ሰው የሚያገኝ ሕመምተኛም ኀፍረቱ ይቀልለታል። በአዲስ አበባ ሕመሙ ያለባቸው ወይዘሮ ክብራ ከበደ የመሠረቱት የፓርኪንሰን ሕሙማን መርጃ ድርጅት ሕሙማንንና ቤተሰቦቻቸውን የሚያሰባስበው ከዚሁ ፍላጎት በመነሣት ነው።

በወረታ እንዴት ይጀመር?

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ሦስት ሕሙማን፣ ቤተሰቦቻቸውና ፈቃደኛ ጎረቤቶች በሳምንት ሦስት ቀን ለ30 ደቂቃ ያህል ቢሰባሰቡ ይበቃል። ቦታው ደረቅና ደልዳላ ይሁን፤ የሩዝ ማሳ ድንበርና ጭቃ ለመውደቅ ያጋልጣሉ። ሰዓቱ መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራበት ቢሆን ይመረጣል። በጭብጨባ እየታገዙ በረጅም እርምጃ መራመድ፣ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ እጅን በሰፊው መዘርጋት፣ ለሚችሉትም ትከሻን በእስክስታ ማንቀሳቀስ ጥሩ መነሻ ነው። ሚዛኑ የሚከዳው ሰው አጠገቡ ደጋፊ ይቁም። ሲነሣ ራሱን የሚያዞረው ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። በተቻለ ጊዜ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ልምምዱን ለእያንዳንዱ ቢመጥንለት መልካም ነው። መድኃኒትን በእንቅስቃሴ መተካት ግን ፈጽሞ አይገባም።

እንግዲህ የመነሻ ጥያቄያችን መልስ ግልጽ ነው። የእኒያ አዛውንት ቤት መዋል ዕረፍት አይደለም፤ ሕመሙ የወሰደባቸውን ምትና ተነሣሽነት ሊተኩላቸው ከሚችሉት ሰዎች መለየት ነው። ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ እርምጃው ያጠረ ዘመድ ብናይ «እርጅና ነው» ብለን አንለፈው። ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው፤ ከዚያም አብረነው እንራመድ።