አጥሩ ያላዳናት ቢራቢሮ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሱረቱ አን-ነምልን የቀራ ሁሉ የነቢዩላህ ሱለይማንን (ዐ.ሰ) ሠራዊትና ያቺን ጉንዳን ያውቃል። ጉንዳኗ ጓደኞቿን ወደ ቤታቸው እንዲገቡ ስታስጠነቅቅ ሠራዊቱን በክፋት አልከሰሰችም። የፈራችው ሳይታወቃቸው እንዳይረግጧቸው ነው። ልቡ ንጹሕ የሆነ ሰውም ከእግሩ ሥር ያለውን ካላየ ሊጎዳ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ይህንኑ የሚያሳይ በእንግሊዝ አገር የሆነ ታሪክ ላካፍላችሁ።

ትልቋ ሰማያዊ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው እናቶቻችን ሻይ ውስጥ በሚጨምሩት የጦስኝ ዘመድ አበባ ላይ ነው። አባጨጓሬው ለጥቂት ሳምንታት አበባውን ይበላና መሬት ላይ ይወድቃል። ቀይ ጉንዳን ስታገኘው ጣፋጭ ፈሳሽ ይሰጣታል፤ ሽታውም የጉንዳን እጭ ሽታ ይመስላል። እሷም የራሷ ወገን መስሏት ተሸክማ ቤቷ ታስገባዋለች። እዚያ አሥር ወር ያህል የጉንዳኖቹን እጮች እየበላ ያድጋል። በሰኔ ገደማ ክንፍ አውጥቶ ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። ሱብሓነላህ!

ይህቺ ቢራቢሮ በእንግሊዝ እየቀነሰች ስትሄድ ጥፋቱ በቢራቢሮ ሰብሳቢዎች ላይ ተላከከ። ስለዚህ አንዱ መኖሪያዋ ታጠረ። አጥሩ ሰብሳቢዎቹን ከለከለ፤ ነገር ግን ሣሩን የሚግጡትን ከብቶችም አብሮ ከለከለ። በ1950ዎቹ ደግሞ ወረርሽኝ ጥንቸሎቹን ፈጀና በብዙ ቦታ ሣሩ አደገ።

ጄረሚ ቶማስ የተባለው ተመራማሪ በ1970ዎቹ ሜዳው ላይ እየዋለ የቢራቢሮዋን ሕይወት ከእንቁላል ጀምሮ ተከታተለ። አባጨጓሬውን የሚሸከሙት ቀይ ጉንዳኖች ብዙ ዓይነት ቢሆኑም በደንብ የሚያድገው በአንደኛው ዝርያ ቤት ብቻ መሆኑን ደረሰበት። ያ ዝርያ ፀሐይ የሚያሞቀው መሬት ይፈልጋል። ሣሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲያድግ አፈሩ ይቀዘቅዛል፤ ዝርያውም ቦታውን ለሌሎች ጉንዳኖች ይለቃል። ከላይ ለሚያየው ጦስኙም ጉንዳኑም አለ፤ ትክክለኛው ጉንዳን ግን የለም።

እውቀቱ ሲገኝ ጊዜው አልፎ ነበር። ቢራቢሮዋ በ1979 ከአገሩ ጠፋች። በኋላ ከብቶች ተመልሰው ሣሩ እንዲያጥር ተደረገና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከስዊድን የመጡ አባጨጓሬዎች ተለቀቁ። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ እንደገና ትበራለች።

እኔ መሐንዲስ ነኝ። በሙያችን አንድን ነገር ከመጠገናችን በፊት “ይህ በምን ላይ ነው የቆመው?” ብለን እንጠይቃለን። በጀመዓችንም ይህ ጥያቄ ያስፈልገናል። ታናሽ ወንድማችን ከመስጂድ ሲርቅ ቶሎ የሚታየን ስልኩን መቀማት፣ ጓደኞቹን መከልከል ነው። አጥር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ሐላልና ሐራም ወሰን አላቸው። ግን ኹጥባው በሚገባው ቋንቋ ነው? ከሶላት በኋላ አጠገቡ የሚቀመጥ እኩያ አለው? ጥያቄ ሲጠይቅ የሚሰማው ትልቅ ሰው አለ? እነዚህ ከሌሉ አጥሩ የቀረችውን ሙቀትም ሊያስወጣ ይችላል።

እናንተ ነገ ይህን ማኅበር የምትረከቡ ናችሁ። ኒያችሁን አጥሩ፤ ከዚያ እንደዚያ ተመራማሪ በትዕግሥት ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ፣ ጠይቁ፣ አድምጡ። በዚህ ሳምንት ከመስጂድ የራቀ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ፈልጉና ምክር ከመስጠታችሁ በፊት ምን እንደጎደላቸው ጠይቁ።

አላህ ኒያችንን ያጥራልን፣ ጠቃሚ እውቀትም ይስጠን። አሚን።