የመምህር አደራ

ትምህርት ብርሃን ነው፤ ነገር ግን ፋኖስ የያዘው ሰው ወዴት እንደሚመራው የተጠራጠረ መንገደኛ ብርሃኑን ይሸሻል። ባገራችን ለዚህ ጥርጣሬ ምክንያት ነበረ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ንጉሡን ወደ ሃይማኖታቸው ስላገቡ፥ ሕዝቡ ተለያየ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ሕዝቡ ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ እንዲመለስ አወጁ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም መነኮሳቱን ከአገር አስወጡ። ስለዚህ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፥ የቤተ ክህነት ሰዎች እንዳይቃወሙ መምህራኑን ከግብፅ ቅብጦች አስመጡ።

በ1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በጉለሌ በኩል፥ በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከጠላት ወረራ በኋላ መምህራን ባነሱ ጊዜ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከካናዳ ሰዎችን አስጠሩ፤ የመጡትም የዚያው የኢየሱሳውያን ማኅበር ልጆች ነበሩ። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1945 በሉሲየን ማት አለቅነት ሥራውን ሲረከቡ፥ የምንኵስና ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም መምህር እንዲለብሱ፥ ተማሪንም ወደ ሃይማኖታቸው እንዳይስቡ ውል ተደረገ። ማትም በ1950 በዚያው አቈጣጠር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። ትምህርት ቤቱ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ እንጦጦ ተባለ።

እንግዲህ ልብ እናድርግ። እነዚያ መምህራን ሃይማኖታቸውን አልካዱም፤ በትጋትና በትዕግሥት ገለጡት እንጂ። የሰው ልጅ አደራ ነውና፥ አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን ለራሱ አያደርገውም።

በገጠርም እንዲሁ ነው። ዳዊት የደገመ ልጅና ቁርዓን የቀራ ልጅ በአንድ ወንበር ሲቀመጡ፥ «የማን ጾም ይበልጣል?» የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። መምህሩ ፍርድ አይስጥ፤ ዝም በሉ ብሎም አይቈጣ። ይልቁንስ እያንዳንዱ በቤቱ እንዴት እንደሚጾም በተራ ይናገር፤ ሌላው ሳያቋርጥ ይስማ። ከዚያም አንዱ የሌላውን ነገር ሳያጣምም መልሶ ይናገር፤ ተናጋሪውም «እውነት ነው» ብሎ ይመስክር። የዶግማውን ጥያቄ ግን ልጁ ለወላጁና ለሃይማኖት አባቱ ያቅርብ። እንዲህ በሆነ ጊዜ ወላጅ ልጁን ያለ ፍርሃት ይልካል።

ጥያቄ።
፩ኛ፤ ዳግማዊ ምኒልክ መምህራንን ከግብፅ ያስመጡት ስለ ምንድን ነው?
፪ኛ፤ የካናዳ መምህራን የገቡት ውል ምን ነበር?
፫ኛ፤ የጓደኛህን ነገር ሳታጣምም መልሰህ መናገር ምን ይጠቅማል?